ሳይኮሎጂ ሳይንስ ነው ወይስ የቡና ወሬ?

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ስለ ሳይኮሎጂ አጫጭር ጽሑፎች እለጥፋለሁ። ወንድሜ ግን «ይሄ የቡና ወሬ እንጂ ሳይንስ አይደለም» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ሳይንስም ወሬም የሚሆነው እንደ አለጣጠፍሽ ነዋ፣ እህቴ! የሳይኮሎጂ ተመራማሪው ዊልሄልም ዉንት እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከተማ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ ሲከፍት፣ ሰው ድምፅ ሰምቶ ቁልፍ እስኪነካ የሚፈጅበት ቅጽበት ሳይቀር ይለካ ነበር። ይሄ ወሬ አይደለም። ወንድምሽም ግን ዝም ብሎ አልተናገረም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ቢሞክሩ፣ ተደገመ ያሉት ውጤት ከ40 በመቶ በታች ነው። ጉዱን ያወጡት ግን ራሳቸው የሙያው ሰዎች ናቸው (እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው)። «ከአንጎላችን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው» የሚለውን ለጥፈሽ ከሆነ ዛሬውኑ አጥፊው፣ ውሸት ነው። ሌላውን ስትለጥፊ ማን፣ በስንት ሰው ላይ እንዳጠናው አንድ መስመር ጨምሪበት።