«ቺሎ» እና «አገዳ ቆርቁር» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በሥልጠና ጽሑፋችን ላይ «ቺሎ የተባለው ዝርያ፣ በአማርኛ አገዳ ቆርቁር» የሚል ሰፍሯል። ልክ ነው? ቺሎ ያለበትን አስተኔ (ብዙ ወገኖችን የሚያቅፈውን ምድብ)ስ «የሣር እሳት ራት» ብንለው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ቺሎ የእሳት ራቶች ወገን፣ ማለትም የተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ፣ እንጂ ዝርያ አይደለም። የነፍሳት ተመራማሪው ዚንከን በ1817 እ.ኤ.አ. የሰየመው ይህ ወገን ብዙ ዝርያዎች አሉት፤ በእስያ ሩዝ የሚያጠቃው ቺሎ ሱፕሬሳሊስ አንዱ ነው፣ በእኛ ቆላ ማሽላና በቆሎ የሚጎዳው ቺሎ ፓርቴለስ ሌላው። ዝርያውን ለመጥራት ሁለቱም ቃላት ያስፈልጋሉ። ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በግብርና «የተሻሻለ የበቆሎ ዝርያ» ስንል ዝርያ ማለት በአንድ ሰብል ውስጥ ያለ ዓይነት ነው፤ በሥነ ሕይወት ግን በቆሎ ራሱ አንድ ዝርያ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአማርኛው ስም ነው። «አገዳ ቆርቁር» የሚነግረን ነፍሳቱ የሚሠራውን ሥራ ነው፤ የማን ዘመድ እንደሆነ አይነግረንም። በደጋው አገዳ የሚቦረቡረው በአብዛኛው ቡሲዮላ ፉስካ ነው፤ አስተኔውም ኖክቱዊዴ፣ ማለትም የተምች አስተኔ ነው። ቺሎ ግን የክራምቢዴ አስተኔ ነው። ገበሬው ሁለቱንም አገዳ ቆርቁር ቢል አልተሳሳተም፤ እጮቹ አገዳው ውስጥ ገብተው የሚያደርሱት ጉዳት ይመሳሰላልና። ባለሙያው ግን መለየት አለበት፤ ምክንያቱም እንቁላሉን የሚፈልገው በተለያየ ቦታ ነው። ቺሎ ፓርቴለስ ቅጠሉ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደርቦ ይጥላል፤ ቡሲዮላ ፉስካ ግን በአገዳውና በቅጠሉ ሽፋን መካከል ይደብቃል።

በዚያ ላይ የወገን ስም ይለወጣል። የነፍሳት ተመራማሪው ስዊንሆ በ1885 እ.ኤ.አ. ፓርቴለስን ሲገልጽ ክራምበስ ከሚባል ወገን መድቦት ነበር፤ ወደ ቺሎ የተዛወረው በኋላ ነው። የአማርኛውን ስም ከወገን ስም ጋር ብናስረው ኖሮ አብሮ መዛወር ነበረበት!

ክራምቢዴን ለመጥራት ባሰቡት «የሣር እሳት ራት» ላይ ሁለተኛዋን «የ» አይጣሏት። ያለ እሷ «የሣር እሳት» ተያይዞ የሚቃጠል ሣር ይመስላል። «የሣር የእሳት ራቶች» ቢሉ ትርጉሙ ሳይዛነፍ ይቀመጣል።

ጽሑፉ ላይ እንዲህ ቢያርሙት እመርጣለሁ፦ «ቺሎ ፓርቴለስ፣ በቆላ ማሽላንና በቆሎን ከሚያጠቁት አገዳ ቆርቁሮች አንዱ»።