መኪናውን ገዝተናል፤ ፈቃዱስ?

የዚህ ወር ጥያቄዎች በሙሉ አምቡላንስ ነክ ናቸው። አንዳንዶቹን ስላረዘማችኋቸው አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቫን ገዛን። ነጭ ቀባነው፣ ጎኑ ላይ ቀይ መስቀል አሳልንበት፣ ሳይረንም አዘዝን። የግል አምቡላንስ ልናደርገው ነው። አሁን የቀረን ፈቃዱ ብቻ ነው። ምን ምን ወረቀት ይዘን እንሂድ?
ሦስቱ ጓደኛሞች

መልስ፦ “የቀረን ፈቃዱ ብቻ” የምትለዋ ጋ ስንደርስ ፈገግ አልን፣ አትቀየሙን። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ? መኪና መጨረሻ ላይ ነበር የሚገዛው።

ሰው “የአምቡላንስ ፈቃድ” ሲባል አንድ ወረቀት ይመስለዋል። በብዙ አገር ግን ድርጅቱ ለብቻው ይፈተሻል፣ መኪናው ለብቻው፣ ባለሙያው ለብቻው፣ መድኃኒቱም ለብቻው። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ አምቡላንስ የሚያሰማራው ድርጅት አንድ ተቆጣጣሪ ዘንድ ይመዘገባል፣ መኪናው ውስጥ የሚሠራው ፓራሜዲክ (የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያ) ደግሞ ሌላ ዘንድ። አንዱ በሌላው አይተካም። እንዲያውም እዚያ ሳይመዘገቡ ራስን “ፓራሜዲክ ነኝ” ብሎ ማስተዋወቅ በራሱ ወንጀል ነው።

ስለዚህ ወረቀት ከመሰብሰባችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ምን ዓይነት አምቡላንስ? ቀጠሮ ያለውን፣ የተረጋጋውን ታማሚ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት የሚያመላልስ? ወይስ ልቡ የቆመ ሰው ጋ የሚሮጥ? አውሮፓውያን የሚመሩበት ኢኤን 1789 የተባለው መስፈርት መኪናዎቹን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ የሚከፋፍላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኤ ማመላለሻ ነው፣ ቢ የድንገተኛ ነው፣ ሲ ደግሞ ተንቀሳቃሽ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ማለት ነው። እኛን ከጠየቃችሁን ከማመላለሻው ጀምሩ። የሚጠየቀው ዕቃም ባለሙያም ቀለል ይላል፣ ሥራውንም ትለምዱታላችሁ።

አሁን ወደ ቫኗ። ቀይ መስቀሉን አጥፉት። ቀልድ አይደለም። ምልክቱ በ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት የተጠበቀ ነው። በሰላም ጊዜ ከቀይ መስቀል ማኅበር ውጭ ያለ አምቡላንስ ሊጠቀምበት የሚችለው በማኅበሩ ግልጽ ፈቃድ ነው፣ ያውም ለሕሙማን በነፃ የሚያገለግል ከሆነ ብቻ። እናንተ ልታስከፍሉ ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት እባብ የተጠመጠመበት በትር ያለው ባለስድስት ክንፉ ሰማያዊ ኮከብ የመጣውም በዚሁ ጣጣ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለአምቡላንስ ይውል የነበረው ብርቱካናማ መስቀል ከቀይ መስቀል ጋር ይመሳሰላል የሚል አቤቱታ ቀርቦበት በ1973 (እ.ኤ.አ.) ኮከቡ ተተካ። እሱንም ቢሆን ከመሳላችሁ በፊት ፈቃድ ሰጪውን ጠይቁ።

ከቀለሙ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ውስጡ ነው። ቃሬዛው፣ ኦክስጅኑ፣ የልብ ምት የሚያሳየው ሞኒተር በምን ታስሯል? ያው የአውሮፓው መስፈርት በታማሚው ክፍል ያለ ዕቃ ሁሉ ከስበት 10 እጥፍ የሆነ ግፊት እንዲችል ያዛል። በቀላሉ፣ 5 ኪሎ የሚመዝን ሞኒተር መኪናው ሲጋጭ 50 ኪሎ ሆኖ ይወረወራል ማለት ነው። ወዴት? ወደ ታማሚው ወይም አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ባለሙያ። ዕቃውን በገመድና በላስቲክ አስራችሁ ለቁጥጥር ብትቀርቡ በመጡበት መመለስ ነው።

የሕክምና ኃላፊ የሚሆን ሐኪምም ያስፈልጋችኋል። ስሙን ወረቀት ላይ አስፍሮ የሚጠፋ ሳይሆን፣ ባለሙያዎቻችሁ የትኛውን ሕመም እንዴት እንደሚይዙ መመሪያ ጽፎ የሚፈርም፣ የጥሪ መዝገቦችን ቁጭ ብሎ የሚያይ፣ ሲሳሳቱም የሚቆጣ። እንደ ሞርፊንና ኬታሚን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችን ልትይዙ ካሰባችሁ ደግሞ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ቁልፍ፣ ሌላ መዝገብ አለ። ተቀድቶ የተረፈችው ሚሊ ሊትር እንኳ ስትደፋ ምስክር ይፈርምባታል።

“ይሄ ሁሉ ለምን?” ትሉ ይሆናል። በ1966 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ታዋቂ ሪፖርት እንደሚለው በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት 12,000 ገደማ የሚሆኑ የቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። ለምን እነሱ? ሰው የሚያስተኛ ረጅም መኪና ያላቸው እነሱ ነበሩ፣ በቃ። ብትድንም ብትሞትም ደንበኛ ነህ! የሥልጠናውም የመኪናውም መስፈርት በዋናነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ 12 ዓመት ያለ አንድ አደጋ ነድቻለሁ። አምቡላንስ ለመንዳት ሕክምና መማር አለብኝ ወይ? ሹፌር ሹፌር ነው፣ ሐኪም ሐኪም ነው ብዬ ነው።
ባለመሪው

መልስ፦ ያለ አደጋ 12 ዓመት ትልቅ ነገር ነው፣ እግዜር ይጠብቅህ። ግን ሠራተኛው ሁለት ብቻ የሆነበትን መኪና አስበው። ልቡ የቆመ ታማሚ ቤት ስትደርሱ አንዱ ደረት ይጫናል፣ ሌላው አየር ይሰጣል። አንተ በር ላይ ቁልፍ እያሽከረከርክ ልትቆም ነው? በብዙ ቦታ ሹፌሩ ቢያንስ መሠረታዊ የሕይወት አድን ሥልጠና የወሰደ መሆን አለበት። ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፣ ደም ማቆም፣ አንገቱ የተጎዳን ሰው ሳያጣምሙ ቃሬዛ ላይ ማውጣት። ሥልጠናው ረጅም አይደለም።

የመንጃ ፈቃድህም ላይ ተጨማሪ የድንገተኛ ተሽከርካሪ አነዳድ ሥልጠና ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዝልን፦ ሳይረን መንገድ ይለምንልሃል እንጂ አይሰጥህም። ቀይ መብራት እንድታልፍ የሚፈቅድልህ ሕግ እዚያው ላይ “ሌላውን አደጋ ላይ ሳትጥል” ይልሃል። ከተጋጨህ ተጠያቂው አንተ ነህ። ደግሞ ሳይረን የሚያተርፍልህ ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የሙያ ፈቃዴ አልተቃጠለም። አምቡላንስ ላይ ልቀጠር ስል ሌላ ማረጋገጫ አምጪ አሉኝ። ንቀት አይደለም?
የከፋት ነርስ

መልስ፦ አይደለም እህቴ። እኔም አንድ ሰሞን እንዳንቺ ተናድጄ ነበር፣ የመጀመሪያው ሌሊት ነው ያበረደኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ መብራት የለም፣ ታማሚው ወንበርና ግድግዳ መሀል ተቀርቅሯል፣ ቤተሰቡ ይጮሃል። ዎርድ ውስጥ እጄን ስዘረጋ የማገኘው ዕቃ በሙሉ ታች መኪናው ውስጥ ነበር። ሙያዬ ሙሉ ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው።

የሙያ ፈቃድሽ ነርስ መሆንሽን ይናገራል። ከሆስፒታል ውጭ፣ ሐኪም አጠገብሽ ሳይኖር ምን ምን ማድረግ እንደሚፈቀድልሽ የሚወስነው ግን የአገልግሎቱ ደረጃና የሕክምና ኃላፊው የፈረመው መመሪያ ነው። አገሮችም እዚህ ላይ ይለያያሉ። ፈረንሳይ ከባድ ጥሪ ላይ ሐኪሙን ራሱን መኪና ላይ ጭና ትልካለች። ጀርመን ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአምቡላንስ ባለሙያዋን 3 ዓመት ታሠለጥናለች። አሜሪካ በአራት ደረጃ ከፍላዋለች፣ በብሔራዊ ደረጃ የተመዘገቡትም በየ2 ዓመቱ ያድሳሉ። ማደሻው ቀን ሲያልፍ “ሥራ በዛብኝ” አይሠራም። የአንቺንም ካርድ ቀን አሁኑኑ እዪው፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚያዘው።

ጥያቄ፦ እናቴን ብዙ ጊዜ በግል አምቡላንስ ነው የምናመላልሳት። ትክክለኛ ፈቃድ ያለው መሆኑን በምን ልወቅ? ወረቀት አሳዩኝ ማለት አሳፈረኝ።
የልጅ ነገር

መልስ፦ አይፈሩ፣ ይጠይቁ። ፈቃድ ያለው ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ጥሩው ጊዜ ግን እናትዎ ቃሬዛ ላይ ሳሉ ሳይሆን ቀድመው ስልክ ሲደውሉ ነው። የድርጅቱ ፈቃድ እስከ መቼ ያገለግላል? ከኋላ ከእናቴ ጋር የሚቀመጠው ማን ነው፣ ሙያውስ? ሁለተኛውን ሲጠይቁ “ሹፌራችን ጎበዝ ነው” ካሉዎት ሌላ ጋ ይደውሉ። ከኋላ ባለሙያ የሌለበት አምቡላንስ የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም።

መኪናው ሲመጣ ደግሞ የኦክስጅኑን ጌጅ (የግፊት መለኪያውን) ይዩ። 2 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር ጌጁ 150 ባር ሲያሳይ ውስጡ 300 ሊትር ገደማ ኦክስጅን አለ። በደቂቃ 10 ሊትር ከተለቀቀ 30 ደቂቃ ነው። ጌጁ 50 ካሳየ 10 ደቂቃ። መንገዱ 40 ደቂቃ ከሆነ “ሌላ ሲሊንደር አላችሁ?” ይበሉ፣ ካለም አውጥተው ጌጁን ያሳዩዎት።