ለሬክተም ካንሰር ቀዶ ሕክምናው ይቅደም ወይስ ጨረሩ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አባትሽ 61 ዓመታቸው ነው፤ ዕጢው ከፊንጢጣ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሬክተም ላይ ተገኝቷል፤ ባዮፕሲው፣ ማለትም ከዕጢው የተወሰደው ናሙና፣ ካንሰር መሆኑን አረጋግጧል። አንዱ ሐኪም ቶሎ ይቀደዱ ይላል፣ ሌላው መጀመሪያ ጨረር ይላል። የማንን እንስማ ነው ያልሽው። የማንንም ከመስማታችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከዘረዘርሻቸው ምርመራዎች ውስጥ የዳሌ ኤምአርአይ የለም። እሱ ሳይታይ ሁለቱም በግምት ነው የሚናገሩት።

ለምን መሰለሽ? ሬክተም የትልቁ አንጀት የመጨረሻው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከላይ እንዳለው አንጀት ሆድ ውስጥ ተዘርግቶ የሚገኝ አይደለም። በዳሌ አጥንት መካከል ተጣቦ ነው የተቀመጠው። በወንድ ከፊቱ ፊኛና ፕሮስቴት፣ ከኋላው አጥንት፣ በግራና በቀኙ የሽንትና የወሲብ ነርቮች አሉ። ሬክተሙን ዙሪያውን ስብ ከቦታል፤ ሊምፍ ኖዶቹ (ንፍፊቶቹ) የሚገኙት እዚያ ስብ ውስጥ ነው፤ ስቡን ደግሞ ስስ ሽፋን ጠቅልሎታል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሄልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳወቀው ዘዴ ይህን ስብ ከነሽፋኑ ሳይቀደድ አብሮ ማውጣት ነው። ዛሬም የቀዶ ሕክምናው መሠረት እሱ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ «ዕጢው ከዚያ ሽፋን በስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል?» ተብሎ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ የቱንም ያህል እጀ ጥሩ ሐኪም ቢቀድ ካንሰር እዚያው ትቶ የመውጣቱ ዕድል ትልቅ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ በጨረርና በኬሞ (ካንሰር በሚገድል መድኃኒት) ማሳነስ ግድ ነው። ዕጢው ከአንጀቱ ግድግዳ ሳያልፍ የቀረና ኖዶቹም ንጹህ የሆኑ እንደሆነ ግን ቀዶ ሕክምናው መቅደሙ ትክክል ነው፤ ያለ ጥቅም የጨረር ጉዳት መሸከም የለባቸውም። እንግዲህ የመጀመሪያውም ሐኪም ልክ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚወስነው አንድ ሰው አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙ፣ የኬሞ ሐኪሙ፣ ምስል አንባቢው ራዲዮሎጂስትና ናሙና መርማሪው ፓቶሎጂስት አንድ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ምስል ያያሉ፤ ቲዩመር ቦርድ የሚባለው ይህ ነው። በብዛት የሚበላሸው ስብሰባው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲደረግ ነው። ጨረር ከቀዶ ሕክምና በፊት ሲሰጥና በኋላ ሲሰጥ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የጀርመን ጥናት በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ዳሌ ውስጥ የተመለሰባቸውን ሲቆጥር፣ ቀድመው ከታከሙት 6 በመቶ፣ በኋላ ከታከሙት 13 በመቶ ነበሩ። ሬክተሙ ከወጣ በኋላ ቀጭኑ አንጀት ወደ ባዶው ቦታ ስለሚወርድ ጨረሩ እሱንም ያገኘዋል፤ የተቀደደው ቦታ የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስም ጨረሩ እንደ ልብ አይሠራም።

ጨረሩ ሁለት ዓይነት ነው። አጭሩ በ5 ቀን 25 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፣ በቀን 5 ግሬይ። ረጅሙ ከ45 እስከ 50.4 ግሬይ ሲሆን ከ25 እስከ 28 ጊዜ ተከፍሎ አምስት ሳምንት ወይም ትንሽ በላይ ይወስዳል፤ አብሮት ካፔሲታቢን የሚባል እንክብል፣ በተለምዶ በሰውነት ስፋት በካሬ ሜትር 825 ሚሊ ግራም፣ ጠዋትና ማታ ይሰጣል። እንክብሉ ምግብ በተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይዋጣል። መዳፍና የውስጥ እግር ቀልቶ ካመመ ወይም ተቅማጥ ከበረታ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይደወላል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ደም መርጋቱን እጅግ ያዛባል።

ዕጢው የከፋ ሲሆን ኬሞውም ጭምር ከቀዶ ሕክምና በፊት እንዲያልቅ ይደረጋል። ብዙ ሰው ይህን «እያጓተቱ ነው» ብሎ ይፈራዋል። ሳንባና ጉበት ላይ ሊኖር የሚችለውን የማይታይ ዘር ቀድሞ መምታት ስለሚቻል ትርፍ አለው። ራፒዶ በተባለው ጥናት አጭር ጨረርና ኬሞ ቀድመው ከወሰዱት በ28 በመቶው ሲቀደዱ አንድም የካንሰር ሴል አልተገኘም፤ በተለመደው መንገድ፣ ማለትም በረጅሙ ጨረር፣ ከታከሙት ግን በ14 በመቶው ብቻ። ይሁን እንጂ 5 ዓመት ሲሞላ ዳሌ ውስጥ የተመለሰባቸው 10 በመቶ ነበሩ፣ በሌላው ወገን 6 በመቶ። ለዚህ ነው ዕጢው ከሽፋኑ ጋር ለተጠጋ ሰው ብዙ ሐኪሞች ረጅሙን ጨረር የሚመርጡት። ከጨረር በኋላ ሳምንታት መጠበቅ ዕጢው ይበልጥ እንዲሟሽሽ ነው፤ የሚያስፈራው ጨረሩ አልቆ ድጋሚ ኤምአርአይ ማንም ሳይቀጥር የሚያልፈው ጊዜ ነው። አንጀቱ የተዘጋ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ መጀመሪያ ሰገራው በስቶማ፣ ማለትም በሆድ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ፣ ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል።

ጨረር ሳይጀመር ከባዮፕሲው ላይ ኤምኤምአር የሚባለው፣ ሴሉ የዘረመል ስህተቱን የሚያርምበትን አሠራር የሚያይ ምርመራ መሠራቱን ጠይቁ። ጉድለቱ የሚገኘው በጥቂቶች ነው፤ የተገኘበት ሰው ግን መንገዱ ፈጽሞ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኒውዮርክ በወጣው ጥናት ዶስታርሊማብ የተባለውን የበሽታ መከላከያ ሕክምና ለ6 ወር የጨረሱት 12 ሰዎች በሙሉ ያለ ጨረርና ያለ ቀዶ ሕክምና ዕጢው ጠፍቶላቸዋል።

«በጨረር ጠፍቶላት ሳትቀደድ የቀረች አለች» ያልሽውም እውነት ሊሆን ይችላል። ብራዚላዊቷ ቀዶ ሐኪም አንጄሊታ ሀብር-ጋማ ያስተዋወቀችው መንገድ ነው። ነገር ግን «ከሕክምና በኋላ ባዮፕሲው ነጻ ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም፤ ላዩ ድኖ ካንሰሩ ከግድግዳው ሥር ሊቀር ይችላል። በጣት፣ በካሜራና በኤምአርአይ ሦስቱም ጠፍቷል ማለት አለባቸው። የሚመለሰው በብዛት በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ስለሆነ በየ3 እና 4 ወሩ መመርመር አለ። ቀጠሮ ማክበር ለማይችል ሰው እኔ አልመክረውም።

ስቶማ ሲነሳ ቤተሰብ ይደነግጣል። በ6 ሴንቲ ሜትር ላይ ፊንጢጣውን ማትረፍ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ስፌቱ እስኪጠገን ግን ቀጭኑ አንጀት ለጥቂት ወራት በሆድ በኩል ሊወጣ ይችላል። ቦታው ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ቆመውም ተቀምጠውም፣ ቀበቶና የሆድ እጥፋት የማያገኘው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ከረጢቱ አይለጥፍም፣ ሰገራው ቆዳውን ይልጠዋል። ቤት ከገቡ በኋላ በቀን ከስቶማው የሚወጣውን በሊትር ለኩ። ከ1.5 ሊትር ካለፈ ኩላሊት ይጎዳል። ያኔ ውሃ ብቻ ማጠጣት ያባብሳል፣ ጨው አብሮ እየወጣ ነውና፤ ኦአርኤስ ስጧቸው፣ ወደ ሐኪምም ደውሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ የውስጡ ስፌት አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል አይታደርም።

አሁን ኤምአርአዩን አስነሱ፣ ሳንባና ሆድ ሲቲ ስካን፣ ሲኢኤ የሚባል የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራና ሙሉ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ካልተሠራም አሠሩ። ራዲዮሎጂስቱ ዕጢው ከፊንጢጣ ያለውን ርቀት፣ ከሽፋኑ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ፣ ኖዶቹ መነካታቸውንና ደም ሥር ውስጥ መግባት አለመግባቱን በጽሑፍ ያስፍርላችሁ። ሁለቱ ሐኪሞች ጋ ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የምስሉን ሲዲም ያዙ።