ልጄ ዘፈን ትወዳለች ወይስ እየተጫወተች ነው? ላልሽው እናት

«የ8 ዓመት ልጄ ቀኑን ሙሉ ታንጎራጉራለች። የእውነት ፍቅር ይሁን የልጅ ጨዋታ በምን ልወቅ? የሙዚቃ ክበብስ ላስገባት?» ብለሻል። እህቴ፣ ልጅሽ ቁርጥ እኔን ናት። ስለዚህ ረዘም ቢልም ታገሺኝ።

1. እንግዳ ፊት ዝፈኚ እያልሽ አትፈትኛት። ማንም ሳያያት የምታደርገውን እይ። እኔ በእሷ ዕድሜ ጭንቅላቴን ባዶ ባልዲ ውስጥ ከትቼ ነበር የምዘፍነው። ድምፄ ወፈር ብሎ ወደ ጆሮዬ ሲመለስ አንዷን ስንኝ 20 ጊዜ እደጋግማታለሁ። ድገሚ ያለኝ ሰው የለም። ያንቺም ልጅ ስትሳሳት ራሷ ተመልሳ የምታስተካክል ከሆነ፣ በቃ፣ ይዟታል።

2. ክበብ ከማስገባትሽ በፊት አሰልጣኙን ስሚው። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። 9 ዓመቴ ላይ እናቴ ደስ ይላታል ብላ አስገባችኝ። አሰልጣኛችን ወፍራም ድምፅ ነበረው፤ ዘፈኑን ሁሉ ለራሱ በሚመቸው ኪይ (ዘፈኑ በሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ) ነው የሚያስጀምረው። የልጅ የድምፅ አውታር ደግሞ አጭርና ቀጭን ነው፤ እሱ ወደሚወርድበት አይወርድም። እኔም ስወርድ ስወርድ ድምፄ ያልቅና አንድ ቶን (የድምፅ ከፍታ) ላይ እንደ ንብ እቀራለሁ። አንድ ቀን ልምምዱን አስቆመና፣ ያ ሁሉ ልጅ እየሰማ፣ «አንቺ ፎልስ ነሽ። አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አለኝ። (ፎልስ ማለት ከዜማው የሚወጣ ማለት ነው።)

አንቀሳቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ! በዓመቱ መዝጊያ እናቴ ፊት ወንበር ላይ ሆና ስታጨበጭብልኝ ከአፌ አንድም ድምፅ አልወጣም። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ባልዲውንም ተውኩት።

26 ዓመቴ ላይ ጓደኛዬ ጎትታ አንዲት የድምፅ መምህር ጋ ወሰደችኝ። ያንኑ ዘፈን ፒያኖ ላይ ከፍ አድርጋ ጀመረችልኝ። ጥርት ብሎ ወጣ። «ይኼው ነው እንዴ?» ብዬ አለቀስኩ። የእውነት ቶን መለየት የማይችል ሰው እኮ በጣም ጥቂት ነው። አሁን መድረክ ላይ እዘፍናለሁ። ያ ሰውዬ አንድ ቀን ፊት ወንበር ላይ ቢቀመጥ ደስታውን አልችለውም። (ቂመኛ ነኝ፣ አውቃለሁ።)

3. ትልልቅ ዘፋኞችን ለመምሰል ስትጮህ ግን ዝም አትበይ። አውታሩ ላይ እባጭ ያወጣል፣ ድምፅ ይሻክራል። ደግሞ አትቸኩይ። አሜሪካዊቷ የጃዝ ዘፋኝ ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1934 እ.ኤ.አ. የጀማሪዎች መድረክ ላይ የወጣችው ልትደንስ ነበር፤ ከሷ በፊት የወጡትን ደናሾች አይታ ፈራችና ዘፈነች። 17 ዓመቷ ነበር።

ክበቡ ጋ ስትሄጂ ጥግ ይዘሽ ተቀመጪና ልጆቹን እይ። ድምፁን ፍለጋ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ከቀበሩ፣ ኪዩ ወርዶባቸዋል። ከፍ አድርገህ ጀምርላቸው በይው። ከተቆጣ የልጅሽን እጅ ይዘሽ ውጪ።