በመጋቢት ተዘርቶ ስላልበቀለው የፓንሲ ዘር

ጠያቂዋ እህታችን፣ ከአሜሪካ የተላኩልዎትን የፓንሲ፣ የፔቱኒያና የሜሪጎልድ አበባ ዘሮች በመጋቢት መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ቆርቆሮ በለበሰ በረንዳ ላይ እንደዘሩ፣ ለሦስቱም አንድ ዓይነት አፈርና አንድ ዓይነት ሣጥን እንደተጠቀሙ፣ ሜሪጎልዱ በሳምንት ውስጥ ሲበቅል ከፔቱኒያው ጥቂት ብቻ እንደወጣና ፓንሲው ከአንድ ወር በኋላም ብቅ እንዳላለ ገልጸው፣ ዘሩ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ወይም የከተማው አየር የማይስማማው እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ሁለቱም አይደሉም። ፓንሲን በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ከዘር ሳበቅል የቆየሁ በመሆኔ በእርግጠኝነት የምናገረው፣ የደጋ አየር ለዚህ አበባ እጅግ ተስማሚ መሆኑን ነው። ችግሩ ሦስቱ ዘሮች ለመብቀል የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ሆኖ ሳለ ሦስቱም አንድ ዓይነት አያያዝ ስለደረሳቸው ነው።

የፓንሲ ዘር ለመብቀል ቀዝቀዝ ያለ አፈርና ጨለማ ይፈልጋል። የአፈሩ ሙቀት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቦታ በስሱ ከተሸፈነና እርጥበቱ ካልተቋረጠበት፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል። ሙቀቱ 25 ዲግሪን ካለፈ ግን አብዛኛው ዘር ሕይወት እያለውም ሳይበቅል ይቀራል። መጋቢት በአዲስ አበባ ከዓመቱ ሞቃት ወራት አንዱ ነው፤ የቀትሩ ሙቀት በጥላ ሥር እንኳ ወደ 25 ዲግሪ ይጠጋል፣ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ጥልቀት የሌለው ሣጥን ደግሞ ከዚያም በላይ ይሞቃል። የዚህ አበባ የሥጋ ዘመድ የሆነችው ቫዮላ አቢሲኒካ በአገራችን ደጋ ጫካዎች ውስጥ በጥላና በእርጥበት መካከል በራሷ ጊዜ የምትበቅል ትንሽ አበባ መሆኗን ያየ ሰው፣ ይህ ቤተሰብ ከሙቀት ጋር ስለማይስማማ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የፔቱኒያ ጉዳይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘሩ ከጤፍም የደቀቀ ስለሆነ በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 10,000 ፍሬ ይገኛል፤ ለመብቀልም ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር ከተመለሰበት አብዛኛው ይቀራል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ በረጠበ አፈር ላይ ይበተናል፣ በመዳፍ ቀስ ብሎ ይጫናል፣ ከዚያ በላይ ምንም አይደረግበትም። የእርስዎ ጥቂት ችግኞች ምናልባት ሳይሸፈኑ ከቀሩት ፍሬዎች የወጡ ናቸው። ስናፕድራጎንም እንዲሁ በብርሃን የሚበቅል ነው። ሜሪጎልድ፣ ዚኒያና ኮስሞስ ግን ብዙ ጥንቃቄ አይሹም፤ ክረምቱ ሲወጣ በቀጥታ መደብ ላይ ቢዘሩ ይበቅላሉ፣ እነሱን በሣጥን አብቅሎ ማዛወር ለእኔ ትርፍ ድካም ነው።

የዘር ፓኬቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ከመጨረሻው ውርጭ 10 ወይም 12 ሳምንት አስቀድመው ቤት ውስጥ ይዝሩ» የሚለው መመሪያ፣ ክረምታቸው በረዶ ሆኖ ጸደይ ለሚጠብቁ አገሮች የተጻፈ ነው። በእኛ ደጋ ውርጭ የሚወርደው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ያውም በደረቁ ወቅት ነው፤ ፓንሲ ደግሞ ቀላል ውርጭን ይችላል። ስለዚህ ከፓኬቱ ላይ የሙቀቱን መጠንና ብርሃን ይፈልጋል ወይስ ጨለማ የሚለውን ወስደው ወሩን ቢተዉት ይሻላል። በአዲስ አበባ እኔ የምመርጠው ጊዜ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ነው። በዚያ ወቅት ቤቱም አፈሩም ቀዝቃዛ ነው፤ ችግኙ ወደ መደብ ወይም ወደ ማሰሮ በሚዛወርበት ጊዜ ከባዱ ዝናብና በረዶው ያልፋል፤ ከተዘራ ከ12 እስከ 14 ሳምንት ስለሚፈጅበትም አበባው ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ ይጀምራል።

ለመዝሪያው በወንፊት የተነፋ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና የታጠበ አሸዋ እኩል ለእኩል ይደባልቁ። ከታች ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ዕቃ በዚህ ሞልተው የፈላ ውሃ ያፍሱበትና እስኪበርድ ይተዉት። ዘሩን አራርቀው ከበተኑ በኋላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ባልሞላ አፈር ይሸፍኑትና በጥቁር ፕላስቲክ አልብሰው ከቤቱ ሁሉ በሚቀዘቅዘው ክፍል ወለል ላይ ያስቀምጡት። ከሳምንት በኋላ ጠዋትና ማታ እየገለጡ ማየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ነጫጭ አንገቶች አፈሩን ሰንጥቀው ሲታዩ፣ ሌሎቹን ሳይጠብቁ ፕላስቲኩን አንሥተው ወደ ብርሃን ያውጡት። ጨለማ ውስጥ ሁለት ቀን ተጨማሪ የቆየ ችግኝ ተመዝዞ ይቀጥናል፣ ከዚያም በኋላ አይጠነክርም።

ከመብቀሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያዝነው በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ነው። ማታ ደህና የነበሩ ችግኞች ጠዋት በአንድ ጥግ በኩል ክብ ሠርተው ተኝተው ይገኛሉ፤ አንዱን አንሥተው ቢመለከቱ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ነው፣ ግንዱ ግን ልክ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቡናማ ሆኖ እንደ ክር ቀጥኗል። ይህን የሚያደርጉት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገስና መሰል ተሕዋስያን ናቸው፤ የሚበረቱትም ዘሩ ተጠጋግቶ ሲዘራ፣ አየር ሲታፈንና የአፈሩ ገጽ ሳይደርቅ ሲውል ነው። በዚህ ምክንያት ከላይ ማጠጣትን አልመክርም። ሣጥኑን ትንሽ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡትና ገጹ መጥቆር ሲጀምር አውጥተው ያጥሉት፤ ገጹ ገርጣ እስኪል ድረስም አይመለሱበት። የወደቁትን ከነአፈራቸው በማንኪያ ዝቀው ይጣሉ።

ከሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ቀጥሎ ጠርዛቸው የተከረከመ የሚመስሉ ሁለት እውነተኛ ቅጠሎች ሲወጡ፣ ችግኙን ግንዱን ሳይሆን ቅጠሉን ይዘው ታቹ በተበሳ የእርጎ ኩባያ ውስጥ ለየብቻ ያዛውሩ። ሥሩ ኩባያውን ሲሞላ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ከፀሐይ ጋር አላምደው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በ15 ወይም በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉት። ጥቁሩ መረሬ አፈር ውሃ ስለሚያቁር ብቻውን አይሆንም። ብዙዎቻችን ተባይ ያባርራል ብለን አበባ ሥር አመድ እንበትናለን፤ ለፓንሲ ግን ይህን አያድርጉ፤ ፓንሲ የሚወደው ትንሽ አሲዳማ የሆነ አፈር ነው፣ አመድ ደግሞ አሲዱን ስለሚቀንስ ሥሩን ለሚያጠቁር በሽታ ያጋልጠዋል። ዩሪያም ቢበዛ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም። ክሽክሽ ከታየበት በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ ቀንድ አውጣን ግን ማታ ባትሪ ይዞ ከመልቀም የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

የጠወለገውን አበባ ከነአገዳው በየጊዜው ከቀነጠሱ ተክሉ ማበቡን ይቀጥላል። ዘር ለመያዝ ከፈለጉ ከአንድ ሁለት ተክል ላይ ይተዉ። ፍሬው ለጋ ሳለ አንገቱን ይደፋል፤ ሲበስል ቀና ብሎ ይገረጣል፤ ያኔ ካልተለቀመ ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ዘሩን እያስፈነጠረ ይበትነዋል። ስለዚህ ቀና ሲል ቆርጠው በወረቀት ከረጢት ውስጥ ያድርጉት። በፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» (ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀለ የመጀመሪያ ትውልድ ዘር ማለት ነው) የሚል ካለ ግን ልጆቹ እንደ እናታቸው አይወጡም፤ ቀለማቸው ይደበላለቃል፣ አንዳንዱም ያንሳል። እኔ ድብልቁን ስለምወደው አልከፋበትም፣ አንድ ወጥ ቀለም ለሚፈልግ ሰው ግን አዲስ ዘር መግዛት ይሻላል።

የዘሩት ፓንሲ ለአንድ ወር በሞቀና በረጠበ አፈር ስለቆየ ከእንግዲህ ተስፋ አይጣልበትም። በፓኬቱ የተረፈዎትን ግን በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ አሽገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት፤ የፓንሲ ዘር በተለመደው የቤት ሙቀት ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ሆኖ አይቆይም። ሐምሌ ላይ 20 ፍሬ ቆጥረው በረጠበ ሶፍት ጠቅልለው በቀዝቃዛ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያቆዩ። 15 ያህል ከበቀለ እንደተለመደው ይዝሩ፣ ከግማሽ በታች ከሆነ መጠኑን እጥፍ ያድርጉ፣ አንድም ካልበቀለ ግን ነሐሴ ሳይገባ ሌላ ዘር እንዲልኩልዎት ይጠይቁ።