የግል መስመር ወይስ ቪፒኤን?

ጥያቄ፦ ድርጅታችን የጉምሩክ አስተላላፊ ሲሆን ቢሯችን ድሬዳዋ ከዚራ፣ መጋዘናችን ደግሞ መጋላ ነው። የሒሳብና የዕቃ መመዝገቢያ ሰርቨራችን በአማዞን የኬፕታውን ክላውድ ላይ ይገኛል። አሥራ ሁለቱ ሠራተኞቻችን በተራው ኢንተርኔት ስለሚገቡ ሥራው ይንቀራፈፋል፤ ለመረጃው ደኅንነትም እንሰጋለን። «ዳይሬክት ኮኔክት» የሚባለውን የግል መስመር ብናስገባ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ለእናንተ አይመከርም። የግል መስመሩ የሚጀምረው ከቢሯችሁ ሳይሆን፣ አማዞን ከቴሌኮም ድርጅቶች ጋር ከሚገናኝባቸው የተወሰኑ ሕንፃዎች ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያለውን መንገድ በየወሩ የምትከራዩት እናንተ ናችሁ። ለአሥራ ሁለት ሰው ይህን ማድረግ ለአንድ ኩንታል ቡና ባቡር እንደ መኮናተር ይሆናል። ፍጥነቱንም ቢሆን ከተጠበቀው በታች ነው የሚለውጠው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝና ኬፕታውን በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ደርሶ መልሱ በምንም መንገድ ከ50 ሚሊሰከንድ አይወርድም። የግል መስመር የሚያስቀረው የመንገዱን መጨናነቅ ብቻ ነው። «የግል» መባሉም ብዙዎችን ያሳስታል፤ መስመሩ በራሱ መረጃውን አያመሰጥርም።

የሚበጃችሁ ቢሯችሁን ከክላውዱ ጋር የሚያገናኝ ቪፒኤን፣ ማለትም በተራው ኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ መተላለፊያ ነው። አማዞን ለእያንዳንዱ ግንኙነት ሁለት የተመሰጠሩ መተላለፊያዎች ይሰጣል፤ ሁለቱንም ራውተራችሁ ላይ አስገቡ፤ አንዱ ለጥገና ሲቋረጥ ሥራው በሌላው ይቀጥላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአይፒ አድራሻችሁን አስተካክሉ። ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ 192.168.1 በሚል ስለሚጀምሩ፣ የከዚራው ማተሚያና የመጋላው ኮምፒውተር ሁለቱም 192.168.1.50 ሆነው ልታገኟቸው ትችላላችሁ፤ እንዲህ ከሆነ ሰርቨሩ ለማን እንደሚመልስ አያውቅም። ለከዚራ 10.20.1፣ ለመጋላ 10.20.2፣ ለክላውዱ 10.30 ብላችሁ ለዩ። የክላውዱ ኔትወርክ ዋና አድራሻ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ስለማይቀየር፣ ከቢሮው ወይም ከመጋዘኑ አድራሻ ጋር ተጋጭቶ መለወጥ ካስፈለገ አዲስ ኔትወርክ ከፍቶ ሰርቨሩን ወደዚያ ማዛወር ግድ ይሆናል።

ከተገናኛችሁ በኋላ የመግቢያው ገጽ እየተከፈተ ትልቅ ሪፖርት መሐል ላይ ከቆመ፣ ምስጠራው በየፓኬቱ (መረጃው ተቆራርጦ በሚላክበት ቁራጭ) ላይ ትርፍ ባይት ስለሚጨምርና ትልልቆቹ መንገዱ ከሚፈቅደው መጠን ስለሚያልፉ ነው፤ ራውተሩ ላይ አንድ ፓኬት የሚይዘውን የመረጃ መጠን («TCP MSS» የሚባለውን) ወደ 1,350 ባይት ዝቅ ማድረግ ያስተካክለዋል።

ተጠባባቂ መስመር ስትገዙ ደግሞ መስመሩ የደቻቱን ወንዝ በየት በኩል እንደሚያቋርጥ አቅራቢውን ጠይቁት። የ1998 ዓ.ም. ክረምቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው፣ ዋናውና ተጠባባቂው በአንድ ድልድይ የሚሻገሩ ከሆነ ሁለት መስመር አለኝ አይልም።