ከዲኤንኤ በፊት ትልልቆቹን ጠይቂ

እህቴ፣ «የቤተሰቤን ታሪክ ማጥናት ፈልጌ ነበር፣ በዲኤንኤ ምርመራ ልጀምር ወይስ ኢንተርኔት ላይ ልፈልግ?» ላልሽው፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተያቸው። መዝገብ ቤት ያለው ወረቀት ይጠብቅሻል፣ ትልልቆቹ ግን ላይጠብቁሽ ይችላሉ። ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉት ማን ናቸው? ከእሳቸው ጀምሪ።

ስትጠይቂ «መቼ ተወለዱ?» አትበያቸው። ብዙ ሰው ዓመተ ምሕረቱ ይጠፋዋል፣ ቅደም ተከተሉን ግን አይረሳም። «እርስዎ ሲያገቡ ታናሽ እህትዎ ተወልዳ ነበር? አባትዎ ሲያርፉ የት ነበር የምትኖሩት?» እያልሽ ነው ዓመቱ ላይ የምትደርሺው። እኔን ከሁሉ የጠቀመኝ የድሮ ፎቶ ነው። ፊታቸው ታስቀምጪና ዝም ትያለሽ። አንዷን ጠቁመሽ «ይቺ ማን ናት?» ስትያቸው፣ እሷን ትተው ዳር ላይ ስለቆመው፣ ማንም ስሙን አንስቶት ስለማያውቀው ሰውዬ ያወሩልሻል። ጀርባውንም ገልብጠሽ እዪ፤ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ስም አይጠፋም። አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅጂ።

የሰማሽውን ሁሉ ማን እንደነገረሽ ጨምረሽ ጻፊ። ሁለት አክስቶች ስለ አንድ ሠርግ የማይገናኝ ነገር ቢነግሩሽ ሁለቱንም ያዢ፣ ለመፍረድ ገና ነው።

ስሞቹ ሲበዙ እንዳይምታቱብሽ ቁጥር ስጫቸው። አንቺ 1፣ አባትሽ 2፣ እናትሽ 3። የማንም ሰው አባት ቁጥር የራሱ ቁጥር እጥፍ ነው፣ እናቱ ደግሞ እዚያ ላይ 1 ሲጨመር። ስለዚህ የእናትሽ እናት 7 ናቸው ማለት ነው። የቆየ ዘዴ ነው፣ ለደብተር ግን ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ከዚያ ወደ ሰነድ። ሰነድ ሁሉ እኩል አይታመንም። የሞት የምስክር ወረቀት ሰውዬው ስላረፉበት ቀን ጥሩ ማስረጃ ነው፤ እዚያው ላይ ያለውን የልደት ቀን ግን ሐዘን ላይ ያለ ልጅ በግምት አስሞልቶት ሊሆን ይችላል። ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነፃ ነው፣ ግቢና ፈልጊ። ሰዎች እዚያ የሠሩትን የዘር ሐረግ ግን ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አታድርጊው፤ እናት በ9 ዓመቷ የወለደችበት፣ ልጅ ከአባቱ የቀደመበት ሐረግ ያጋጥማል።

ዲኤንኤው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአጎት ወይም ከአክስት ልጅ ጋር የምትጋሪው ዲኤንኤ በአማካይ 12.5 በመቶ ነው፤ ዝምድናው ሲርቅ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ገንዘብ ማውጣትሽ ካልቀረ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ መጀመሪያ አያትሽ ይመርመሩ፣ ለድሮዎቹ ከአንቺ በሁለት ትውልድ ይቀርባሉ። ያልተጠበቀ ወንድም ብቅ ሊልም ይችላልና፣ ለምርመራው ምራቅ ከመላኩ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩበት።